በፎቶው ላይ የተጻፈው 1960 በማን አቆጣጠር ነው?

ጥያቄ

«የተከበሩ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ የምኖረው በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አባቴ በሚቀጥለው ወር 80 ዓመት ይሞላቸዋል። አበበ ቢቂላ ከሮም ሲመለስ አዲስ አበባ ላይ መንገድ ዳር ቆመው ከተቀበሉት ልጆች አንዱ ስለነበሩ፣ ዛሬም የሩጫ ወሬ ከተነሳ የሚጀምሩት ከእሱ ነው። ባለፈው ሳምንት በኢንተርኔት የጨረታ ገበያ ላይ አበበ በባዶ እግሩ ሲሮጥ የሚያሳይ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አገኘሁ። ከታች በኩል በቀጭን ጥቁር ማርከር በአማርኛ አበበ ቢቂላ ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከስሙ ሥር ደግሞ 1960 የሚል ቁጥር አለ። ሻጩ አሜሪካዊ ነው። ሟች አባቱ ፒስ ኮር በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት አማካይነት ኢትዮጵያ ውስጥ አስተማሪ እንደነበሩና አበበ የሮም ድሉን ተጎናጽፎ እንደተመለሰ እንደፈረመላቸው ነግሮኛል። ሆሎግራም የተለጠፈበት የማረጋገጫ ወረቀትም አለው። ዋጋው 1,400 ዶላር ነው፤ ከጨረታው ገበያ ውጭ በዜል፣ በባንክ ገንዘብ መላኪያው፣ ብልክለት ግን በ1,100 እንደሚሰጠኝ፣ የሚጠብቀኝም እስከ ቅዳሜ ብቻ እንደሆነ ጽፎልኛል። ፊርማው እውነተኛ ይሁን ፎርጅድ በምን ልወቅ?

የአባቷ ልጅ»

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ቅዳሜ ይለፍ። ሻጩ የሰጠዎት ቀነ ገደብ እርስዎን ለማጣደፍ እንጂ ለሌላ ነገር የተቀመጠ አይመስለኝም፤ ይህን ያህል ዘመን ሳጥን ውስጥ የኖረ ወረቀት አንድ ሳምንት ቢጨመርበት የሚደርስበት ጉዳት የለም። ይህን የምለው ዕቃው ፎርጅድ ነው ብዬ ስለደመደምኩ አይደለም። እንዲያውም በደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰው ያለፉት አንድ ቁጥር፣ ሻጩ ራሱ ከሚናገረው ታሪክ ይልቅ ለዕቃው ሊመሰክርለት የሚችል ሆኖ ስላገኘሁት ከእሱ እጀምራለሁ።

አበበ ቢቂላ የሮምን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጽሞ ያሸነፈው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ያ ዕለት በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ አገር ቤት እንቁጣጣሽን በሚጠባበቅበት ዋዜማ ማለት ነው። በሌላ በኩል ፒስ ኮር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በማርች 1961 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች ኢትዮጵያ የገቡት በሴፕቴምበር 1962 ነው። እንግዲህ አበበ ከሮም በተመለሰበት ሰሞን በፒስ ኮር ስም አዲስ አበባ ውስጥ የሚያስተምር አሜሪካዊ ሊኖር አይችልም። የሻጩ ታሪክ፣ እርስዎ እንደጻፉት ከሆነ፣ ሁለት ዓመት ቀድሞ ተነሥቷል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «ውሸታም ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋል። እኔ ግን ጥቂት እንድንቆይ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ቁጥሩ የተጻፈው በአማርኛ በተጻፈ ስም ሥር ነው። ስሙን በአማርኛ የሚጽፍ የክቡር ዘበኛ ወታደር፣ በገዛ አገሩ ተቀምጦ ዓመተ ምሕረት ቢያክልበት የሚጽፈው በየትኛው አቆጣጠር ይመስልዎታል? 1960 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ከሴፕቴምበር 1967 እስከ ሴፕቴምበር 1968 ያለው ጊዜ ነው። ያኔ አበበ የሮምንና የቶኪዮን ወርቅ ይዞ ለሜክሲኮ ይዘጋጅ ነበር፤ የፒስ ኮር አስተማሪዎችም በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ተሠማርተው ነበር፤ ቀጭን ማርከርም፣ ወደ ኋላ እንደምመለስበት፣ ገበያ ላይ ውሎ ነበር። የሮሙን ፎቶግራፍ ከድሉ ሰባትና ስምንት ዓመት በኋላ ይዞ ሄዶ ማስፈረም ደግሞ ምንም እንግዳ ነገር የለውም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀውና የሚወደው ምስል እሱ ነውና።

ስለዚህ ከፊታችን ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው ፎርጅድ የሠራ ሰው ነው፤ ስለ ሮም ኦሊምፒክ አንብቦ ስሙን ከአንድ ቦታ ቀድቶ፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር የተለየ መሆኑን ሳያውቅ 1960 ብሎ የጻፈ። ሁለተኛው የሟች አባቱን ሣጥን የከፈተ የዋህ ልጅ ነው፤ ፎቶው ላይ 1960 የሚል ቁጥር አይቶ፣ ኢንተርኔት ላይ የሮም ድል በ1960 መሆኑን አንብቦ፣ ሁለቱን በራሱ አገናኝቶ ታሪኩን ለእርስዎ የነገረ። ሁለቱም ሰዎች የሚያሳዩዎት ያንኑ ቁጥር፣ የሚነግሩዎትም ያንኑ ታሪክ ነው። የሚለያቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እሱም አባትየው ኢትዮጵያ የነበሩት ከመቼ እስከ መቼ ነው የሚለው ነው።

ጥያቄውን ሲጽፉለት መልሱን አብረው እንዳይልኩለት ይጠንቀቁ። ስለ አቆጣጠር ልዩነት አንዲት ቃል አይተንፍሱ፤ ፒስ ኮር መቼ እንደገባም አይንገሩት። «አባትዎ ኢትዮጵያ ውስጥ ያስተማሩት ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት ነው? በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ትምህርት ቤት? ከዚያ ዘመን የቀረ ደብዳቤ፣ የተማሪዎች ፎቶግራፍ፣ ወይም ፎቶው የተቀመጠበት ኤንቨሎፕ አለ?» ብለው ብቻ ይጠይቁ። ማንም ሳይነግረው «ከ1966 እስከ 1968» ወይም ለዚያ የቀረበ ነገር ብሎ ከመለሰልዎ፣ ሻጩ ራሱ ጥቅሙን ሳያውቅ የሰጠዎት ማስረጃ ነውና ከማናቸውም ሆሎግራም ይበልጣል። «በ1960 እዚያው ነበሩ» ብሎ ከጸና ደግሞ የቤተሰብ ታሪኩ ወድቋል። ከሁሉ የከፋው እርስዎ ስሕተቱን ከጠቆሙት በኋላ ታሪኩን የሚያስተካክል ከሆነ ነው፤ ያን ጊዜ እውነቱን ይሁን የእርስዎን ቃል መልሶ የሚነግርዎት መለየት አይቻልም። ሁለት ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ የተመለሰ አስተማሪ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ይዞ አይመለስም፤ ወደ እናቱ የላከው ደብዳቤ፣ ከተማሪዎቹ ጋር የተነሳው ፎቶ፣ አንዳች ነገር ይኖራል።

ይህን ያህል በታሪኩ ላይ የምጨነቀው ራሴ ስለተቃጠልኩበት ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ የሙሐመድ ዓሊ ፊርማ አለበት የተባለ የቦክስ ጓንት በ350 ዶላር ገዝቼ ነበር። አብሮ የተሰጠኝ ወረቀት ጓንቱ ሶኒ ሊስተን በተሸነፈበት ሌሊት፣ ማያሚ ቢች ላይ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1964 እንደተፈረመ ይናገራል። ጓንቱ ላይ የተጻፈው «ሙሐመድ ዓሊ» ነው። የዚያን ሌሊት አሸናፊ ግን ገና ካሺየስ ክሌይ ነበር፤ ሙሐመድ ዓሊ የሚለው ስም የተሰጠው በተከታዩ ማርች ነው። ጓንቱን አንድ ወር ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር ካሳየሁ በኋላ ይህን የነገረኝ የ16 ዓመት የእህቴ ልጅ ነው። የቀለሙን ድምቀት፣ የቆዳውን እርጅና አገላብጬ አይቼ ነበር፤ ወረቀቱን ግን አላነበብኩትም።

ወደ እርስዎ ፎቶግራፍ ልመለስ። የጽሕፈት መሣሪያውና ወረቀቱ ራሳቸውን የቻሉ የዕድሜ ምስክሮች ናቸው። እስክርቢቶ አበበ በሮጠበት ዘመን ሁሉ ስለነበረ ብዙ አይነግረንም። ማርከር ግን ይናገራል። ወፍራምና ጠፍጣፋ ጫፍ ያላቸው ማርከሮች ቀደም ብለው የነበሩ ቢሆንም፣ ቀጭን ጫፍ ያለውን የፋይበር እስክርቢቶ የጃፓኑ ፔንቴል ኩባንያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አሜሪካውያን ሻርፒ የሚሉት ማርከር የወጣው ደግሞ በ1964 ነው። ስለዚህ በቀጭን ማርከር የተጻፈ ፊርማ በሮም ድል ማግሥት ተጻፈ ቢባል አልቀበልም፤ በ1960 ዓ.ም. ተጻፈ ቢባል ግን የሚከለክለው ነገር የለም። መስመሩ የሚያብረቀርቅና የሚንሸራተት ጄል ሆኖ ከታየዎት ነገሩ አበቃ፤ ጄል እስክርቢቶ የእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ሥራ ነው፣ አበበም ያረፈው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ነውና።

የፎቶ ወረቀቱን ለማወቅ ጀርባውን ማየት ያስፈልጋል። ሻጩ የጀርባውን ምስል እንዳሳየዎት በደብዳቤዎ አልጠቀሱም፤ የጀርባውን ምስል የማያሳይ ሻጭ እኔን ሁልጊዜ ያሳስበኛል። የዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የሚታተመው ጀርባው እንደ ተራ ወፍራም ወረቀት በሚሻክር፣ ከጊዜ ጋር ጠርዙ በሚጠቀለል ወረቀት ላይ ነበር። ፊትና ጀርባው በስስ ፕላስቲክ የተለበደው፣ ሲነኩት የሚንሸራተተው የፎቶ ወረቀት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው፤ እንዲህ ባለው ወረቀት ላይ 1960 የሚል ቁጥር ካዩ በሁለቱም አቆጣጠር አያስኬድም። ጀርባው ላይ የዜና ወኪል ማኅተም ካለ አድራሻውን ያንብቡት። አሜሪካ ውስጥ ዚፕ ኮድ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1963 ስለሆነ፣ ከከተማው ስም ቀጥሎ አምስት አኃዝ ከተጻፈ ማኅተሙ ከዚያ በኋላ የተመታ ነው። ፊቱ ላይ ደግሞ የአበበን የደረት ቁጥር ይመልከቱ፤ ሮም ላይ የሮጠው 11 ቁጥር ለብሶ በባዶ እግሩ ሲሆን፣ ቶኪዮ ላይ የሮጠው 17 ቁጥር ለብሶ በጫማ ነው። ሁለቱን አምታቶ የሚሸጥ ነጋዴ ስንት ነው!

ዕቃው በእጅዎ ከገባ፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ መነጽር ይግዙ፤ ከጥቂት ዶላር አይበልጥም። ምስሉ በቤት ማተሚያ የታተመ ከሆነ ጥቁርና ነጩ ሥፍራ ሁሉ በጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣቦች ተሞልቶ ያገኙታል። ነጠብጣቦቹ በፊርማው መስመር ውስጥም ከቀጠሉ ፊርማው አብሮ የታተመ ነው፤ ማንም እጁን አላሳረፈበትም ማለት ነው። በእጅ የተጻፈ ከሆነ ፎቶውን ወደ መስኮት ብርሃን አዘንብለው ሲያዩት ቀለሙ ከወረቀቱ አብረቅራቂ ገጽ ላይ ተለይቶ ይታያል። ፎቶው የታጠፈበት ወይም የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ፊርማው የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ እዚያ ላይ ዓይንዎን ይትከሉ። ቀለሙ ወደ ስንጥቁ ውስጥ ፈስሶ ከገባ፣ ወረቀቱ አርጅቶ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው የተጻፈበት፤ ቀለሙ ከወረቀቱ ጋር አብሮ ከተሰነጠቀ ግን ጽሑፉ ከስንጥቁ ይቀድማል። በአልኮል ጠርጎ መሞከርን የሚመክሩ አሉ፤ በፍጹም አያድርጉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የወረቀትና የቀለም ምርመራ «አይደለም» ለማለት ይበቃል እንጂ «ነው» ለማለት አይበቃም። ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ የተረፈ ያልተፈረመበት የአበበ ፎቶግራፍ ገዝቶ፣ ዛሬ ማርከር አንሥቶ የሚጽፍበት ሰው ወረቀቱን በሙሉ ፈተናውን ያሳልፈዋል። ስለዚህ ከወረቀቱ አልፈን ወደ እጁ መሄድ አለብን፤ እዚህ ላይ ደግሞ እርስዎ ከብዙዎቹ አሜሪካውያን መርማሪዎች የተሻለ ቦታ ላይ ቆመዋል። እነሱ ፊደላችንን እንደ ሥዕል ነው የሚያዩት። እርስዎ ያነቡታል፣ ይጽፉታልም።

ፊደል የሚጽፍ ሰውና ፊደል የሚስል ሰው ይለያያሉ። ከልጅነቱ ጀምሮ ስሙን የጻፈ ሰው እጁ ሳያስበው ይሄዳል፤ መስመሩ ሲነሣ ቀጠን፣ መካከል ላይ ጠንከር፣ ሲያልቅ እንደገና ቀጠን ይላል። የሚስል ሰው ግን ቅርጹን እያየ ዝግ ብሎ ስለሚሄድ፣ መስመሩ ከመነሻ እስከ መድረሻው አንድ ዓይነት ውፍረት ይኖረዋል፣ ጫፎቹ ደነዝ ብለው ይቀራሉ፣ በማጉያ ሲታይም ይንቀጠቀጣል። ማርከር ደግሞ ይህን አይደብቅም፤ እጅ በቆመበት ቦታ ሁሉ ቀለሙ ነጥብ ሆኖ ይሰፋል። በፊደሉ መነሻና መድረሻ ላይ ሳይሆን በመካከሉ እንዲህ ያለ ነጥብ ካዩ፣ ጸሐፊው ቆም ብሎ ወደሚቀዳው ናሙና ቀና ብሏል ማለት ነው።

የአበበ ስም ለዚህ ምርመራ እንደ ተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። አበበ በሚለው ውስጥ በ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ይመጣል፤ ቢቂላ ላይ ደግሞ ያው ፊደል እግር ቀጥሎ ለሦስተኛ ጊዜ ይመለሳል። በተፈጥሮ የሚጽፍ ሰው ሦስቱን አንድ ዓይነት አያደርጋቸውም። ሁለተኛው በ ከመጀመሪያው ጠበብ ወይም ዘንበል ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ በቀጣዩ ፊደል ይሳባል። ሁለቱ በዎች እንደ መንትያ ተመሳስለው ከተሰለፉ ይጠርጥሩ። ከዚያ ወደ ቢ እና ቂ እግሮች ይሂዱ። ፈጥኖ የሚጽፍ ሰው ከቋሚው መስመር ወደ እግሩ ሳያነሣ ያዞራል፤ የሚገለብጥ ሰው ግን ቋሚውን ጨርሶ፣ እጁን አንሥቶ፣ እግሩን ለብቻው ይቀጥላል፤ መጋጠሚያው ላይ የቀለም መደራረብ ይታያል። ላ ላይ የግራው እግር አጥሮ የቀኙ ሲረዝም፣ ልዩነቱ ተለክቶ የተሠራ ይመስላል ወይስ በእጅ ልማድ የመጣ? የፊደሎቹ መስመር በአንድ በኩል ወፍሮ በሌላው ቀጥኖ፣ ጫፉም እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል የተሳለ ከሆነ ደግሞ፣ ናሙናው የተቀዳው ከኮምፒውተር ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፤ የ1960 ዓ.ም. ሰው ስሙን በማርከር ሲጽፍ እንዲህ ያለ ጌጥ አይጨነቅበትም። በሁለቱ ስሞች መካከል ሁለት ነጥብ ቢኖርም ባይኖርም ለፍርድ አያበቃም።

ከስሙ በፊት ማዕረግ የተጻፈበት ሌላ ፎቶግራፍ ቢቀርብልዎ፣ ማዕረጉንም ከዘመኑ ጋር ያመሳክሩት። ዛሬ ሁላችንም ሻምበል አበበ ቢቂላ ብለን ስለምንጠራው ይረሳል እንጂ፣ ሮም ላይ ሲሮጥ የመኮንንነት ማዕረግ አልነበረውም። 1952 ተብሎ «ሻምበል» የሚል ፊርማ ቢመጣ፣ ዓመቱ ወይ የሮጠበትን ዓመት ለማስታወስ በኋላ የተጻፈ ነው፣ ወይ ታሪክ የማያውቅ ሰው የሠራው ነው። የእርስዎ ፎቶ ላይ ማዕረግ አለመኖሩ በራሱ ክፉም በጎም አይደለም።

እጁን ለማመሳከር ግን ናሙና ያስፈልጋል፤ ናሙናውም አንድ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ አምስት ስድስት፣ የተፈረሙበት ዘመንና ቦታ የሚታወቅ መሆን አለበት። አበበ በ1963 እ.ኤ.አ. ቦስተን ማራቶን ላይ ሮጦ አምስተኛ ወጥቷል፣ ጃፓንም ከአንድ ጊዜ በላይ ሄዷል፤ በነዚህ ጉዞዎች ከተፈረሙና ከነታሪካቸው ከተቀመጡ ዕቃዎች የታወቁ የጨረታ ቤቶች ያለፉ ሽያጮቻቸውን ምስል ያስቀምጣሉ። የዚያው ሻጭን ሌሎች ዕቃዎች እንደ ናሙና አይጠቀሙ። አንድ ፎርጅድ ሠሪ የሠራቸው ሁሉ እርስ በርሳቸው በሚገባ ይመሳሰላሉና፣ አንዱን በሌላው መመስከር ሌባን በወንድሙ ማስመስከር ይሆናል። በላቲን ፊደል የተጻፉ ናሙናዎችም በአማርኛ ለተጻፈው ብዙ አይረዱም።

የዘመኑን ነገር አጥብቄ የምናገረው የሰው እጅ ከሰውነቱ ጋር ስለሚለወጥ ነው። ሙሐመድ ዓሊ በ1984 እ.ኤ.አ. የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ከታወቀ በኋላ ፊርማው እያነሰና እየተጨማደደ ሄዷል፤ ስለዚህ ሰፊና ደማቅ ሆኖ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተፈረመ የተባለ ፊርማ ገዢዎችን ያሳስባል። አበበ ደግሞ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎዳ። መጀመሪያ እጆቹም አይታዘዙለትም ነበር፤ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ከታከመ በኋላ ግን እጆቹ ተመልሰውለት እዚያው በቀስት ውርወራ እስከ መወዳደር ደርሷል። ከአደጋው በፊትና በኋላ የተጻፈን እጅ አንድ ላይ ደባልቆ ማመሳከር ያሳስታል። የእርስዎ ፎቶ 1960 ዓ.ም. ከሆነ ናሙናዎችዎ ከአደጋው በፊት የነበሩት መሆን አለባቸው።

ስለ ማረጋገጫ ወረቀቱ አጭር ነው የምለው። አበበ ሲያርፍ ዛሬ የፊርማ ማረጋገጫ ገበያውን የያዙት ትልልቅ ድርጅቶች አልነበሩም፤ ስለዚህ በአበበ ፊርማ ላይ የሚሰጥ የዚህ ገበያ ምስክር ወረቀት ሁሉ፣ ከታወቀው የማረጋገጫ ድርጅት ፒኤስኤ ቢመጣም ካልታወቀ ሱቅ ቢመጣም፣ ሲፈርም አይቻለሁ የሚል የምስክር ቃል ሳይሆን «ይመስላል» የሚል አስተያየት ነው። አስተያየት ከአስተያየት ይበላለጣል፤ ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤ ወይም ቤኬት የሰጡት ከሆነ ቁጥሩን በየድረ ገጻቸው አስገብተው፣ የሚመጣው ምስል ከእርስዎ ፎቶ ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጣሉ። ስሙ ከማይታወቅ ድርጅት የመጣ ሆሎግራም ግን ሆሎግራም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤፍ.ቢ.አይ. ኦፕሬሽን ቡልፔን ብሎ ባካሄደው ምርመራ የተያዙት የፎርጅድ ሠሪዎች መረብ ፊርማውን ብቻ ሳይሆን የማረጋገጫ ወረቀቱንም አብሮ ያመርት ነበር። ከተያዙት ዕቃዎች መካከል የማዘር ቴሬዛ ፊርማ ያረፈባቸው የቤዝቦል ኳሶች ይገኙበታል። የገዛቸው ሰው መነኩሲቷ የቤዝቦል ኳስ ላይ የፈረሙት በምን አጋጣሚ ነው ብሎ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ!

ክፍያውን በተመለከተ፣ በዜል አይክፈሉ። የተላከ ገንዘብ ከተቀባዩ ሒሳብ ከገባ በኋላ መመለስ አይቻልም፤ የ300 ዶላሩ ቅናሽም የሚሰጥዎት ገንዘብዎን የማስመለስ መብትዎን እንዲተዉ ነው። በጨረታው ገበያ በኩል፣ በክሬዲት ካርድ ከፍለው፣ ዕቃው እንደተነገረው ካልሆነ የመመለስ መብትዎን ይዘው ይግዙ። ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ በመልእክት ሳጥኑ በጽሑፍ «ፊርማው የአበበ ቢቂላ የራሱ እጅ ነው» ብሎ እንዲያረጋግጥልዎ ይጠይቁት፤ «አባቴ እንዳለው» የሚል ቃል በክርክር ጊዜ አይጠቅምም።

ምናልባት የአባትዎ ልደት ሳይደርስ ይህ ሁሉ ካልተጣራ፣ በሌላ መንገድ መሄድ ይቻላል። ጀርባው ላይ የዜና ወኪል ማኅተምና የታተመ መግለጫ ያለበት፣ ፊርማ የሌለው የዚያን ዘመን የሮም ፎቶግራፍ ቢያገኙ፣ ዋጋው ከተፈረመበት እጅግ ያነሰ ነው፤ እውነተኛነቱንም በጀርባው ማጣራት በጣም ይቀላል። ፎርጅድ ሠሪዎች ብዙ ገንዘብ በማይገኝበት ነገር ላይ አይደክሙም። መንገድ ዳር ቆመው አበበን ያዩ ሰው ፊርማ የሌለውን ይንቁታል ብዬ አላስብም።

አሁን ግን ለሻጩ መልእክቱን ይጻፉለት፤ የአባቱን የቆይታ ዓመታት፣ የፎቶውን ጀርባ፣ የፊርማውንም በቀን ብርሃን በቅርብ የተነሣ ምስል ይጠይቁት። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ከጠየቀዎት «እኔም እያጣራሁ ነው» ይበሉት። መልሱ ሲደርስዎ አባቱ ኢትዮጵያ የነበሩበትን ዓመት፣ እሱ በጻፈው ቃል እንዳለ፣ ገልብጠው ይላኩልኝ፤ ስለ ዋጋው የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።